ወደ ቀኝ ለመሄድ ወደ ግራ

ቆይ፣ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሞተር ሳይክል እየነዳችሁ ወደ ቀኝ መታጠፍ ብትፈልጉ መሪውን ወዴት ታዞራላችሁ? «ወደ ቀኝ ነዋ!» አላችሁ አይደል? እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ የማምነው እንደዚያ ነበር። ለካ እጄ የሚሠራው ሌላ፣ እኔ የማስበው ሌላ! ወደ ቀኝ የምትታጠፍ ሞተር መጀመሪያ መሪዋ ወደ ግራ ነው የሚዞረው። ለዓይን በማይታይ መጠን፣ ለቅጽበት ያህል፣ ግን ወደ ግራ። ይህን የደረስኩበት በጥር ወር ከአዳማ ተነሥቼ በባሌ ተራሮች ላይ እስከ ደሎ መና ብቻዬን በሄድኩበት ጉዞ ነው። ከተመለስኩ ወዲህ ለማገኘው ሰው ሁሉ እያወራሁ ነው፤ ዛሬ ተራው የእናንተ ነው።

ሞተሬ ትንሽ ናት፣ 150 ሲሲ። መንገዱ ግን ትልቅ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ አዋሽን ተሻግራችሁ፣ በኢተያ በኩል አሰላ ትወጣላችሁ፤ በቆጂን፣ ዶዶላን፣ አዳባን፣ ዲንሾን አልፋችሁ ሮቤና ጎባ ትደርሳላችሁ። ከጎባ በኋላ መንገዱ ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ላይ ነው። አምባው ሲያልቅ ደግሞ መሬቱ እንደ ገደል ይቆረጥና በሐረና ጫካ ውስጥ ወደ ደሎ መና ትወርዳላችሁ፤ እሷ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአንድ ጉዞ ከግቢ ተነሥቶ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ምድር ቤት እንደመውረድ ነው።

ብቻ መጓዝ አንድ ጥቅም አለው። የሚያወራ ሰው ስለሌለ ራስን ማየት ይጀመራል። ኢተያን አለፍ ብዬ በስንዴ ማሳዎች መሀል አንድ ሰፊ፣ ረጅም ኩርባ ወደ ቀኝ ስይዝ ድንገት ቀኝ መዳፌን አስተዋልኩት። መሪውን ወደ ራሴ እየሳበ አይደለም። እየገፋ ነው! ወደ ፊት! የቀኝ እጀታ ወደ ፊት ከተገፋ ጎማው ወደ ግራ ነው መዞር ያለበት። እኔ ግን ወደ ቀኝ እየሄድኩ ነው። እንዴት ሆኖ?

ቀጥ ያለ፣ ሰውም ከብትም የሌለበት መንገድ እስኪመጣ ጠበቅሁ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄድኩ ቀኙን እጀታ በሁለት ጣቴ ብቻ፣ በር ላይ እንደተደገፈ ሕፃን ገፋ ሳደርገው፣ ሞተሯ ወደ ቀኝ ዘንበል አለች። ግራውን ስገፋው ወደ ግራ። እንደገና ቀኝ። እንደገና ግራ። ያለ ምንም ትግል! ዳር ይዤ ቆምኩና አንድ ማሳ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ። ጭላሎ ተራራ በግራዬ ዝም ብሎ ያየኛል።

አሁን ምክንያቱን እንያዘው። ተነሡና መጥረጊያ አምጡ። የእንጨቱን ጫፍ መዳፋችሁ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙትና ሚዛኑን ጠብቁ። አሁን እንጨቱን ይዛችሁ ወደ ቀኝ መሄድ ፈለጋችሁ እንበል። እጃችሁን በቀጥታ ወደ ቀኝ ብታንቀሳቅሱት ምን ይሆናል? እንጨቱ ወደ ግራ ይወድቅባችኋል። እንጨቱ ወደ ቀኝ እንዲያጋድል መዳፋችሁን መጀመሪያ ትንሽ ወደ ግራ ማውጣት አለባችሁ። ከሥሩ ወደ ግራ ሲሸሽበት ራሱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ያኔ እየተከተላችሁት ትሄዳላችሁ።

ሞተሯም ይቺው ናት! ጎማዎቹ መዳፉ ናቸው፤ እኔና ኮርቻው ደግሞ የመጥረጊያው ራስ። ቀኙን እጀታ ስገፋ ጎማው ከሥሬ ትንሽ ወደ ግራ ይወጣል፤ እኔ ከላይ ያለሁት ደግሞ ወደ ቀኝ መውደቅ እጀምራለሁ። መውደቅ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ግን ሳልወድቅ፣ የፊቱ ጎማ ራሱ ወዳጋደልኩበት ወደ ቀኝ ይዞርና ከሥሬ ይገባል። ኩርባውን ሙሉ እየወደቅሁ ነው፣ ኩርባውን ሙሉ ጎማው እየደረሰልኝ ነው። አይገርምም?

ጎማው ራሱ ይዞራል ያልኩት አልዋጥ ያላችሁ ልጅነታችሁን አስታውሱ። አሮጌ ጎማ በዱላ እየነዳን ሰፈር ለሰፈር ስንሮጥ ጎማውን ለማዞር መሪ ነበረው እንዴ? በዱላው ጎኑን ነካ አድርገን እናጋድለው ነበር፣ እሱም ወዳጋደለበት ይዞራል። በሰባት ዓመታችን እናውቀው ነበር እኮ! ካላመናችሁ ደግሞ ከረከቦቱ ላይ አንድ ሲኒ አንሡና ወለል ላይ በጎኑ አስተኝታችሁ ገፋ አድርጉት። ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በጠባቡ በኩል ክብ ይሠራል። የሞተር ጎማ እንደ መኪና ጎማ ጠፍጣፋ ሳይሆን እንደ እንቁላል ሆድ ክብ የሆነው ለዚህም ነው፤ ሲያጋድል መሬት የሚነካው ክፍል እንደ ሲኒው አንድ ጎኑ ጠባብ ይሆንና ራሱ ክብ ልሥራ ይላል።

እኛ ብቻ አይደለንም የተሞኘነው። አውሮፕላን የሠሩት ራይት ወንድማማቾች መጀመሪያ ብስክሌት ሠሪዎች ነበሩ። ታላቁ ዊልበር ብስክሌት ነጂዎችን «ወደ ግራ የምትታጠፉት እንዴት ነው?» እያለ ይጠይቅ እንደነበረና በመጀመሪያው መልሱ ሁሉንም በትክክል የነገረው አንድም ሰው እንዳላገኘ ይነገርለታል። ሁሉም ያደርጉታል፣ ማንም አያውቀውም! እጃችን ከእኛ ቀድሞ ተምሮ ኖሯል።

(እጅግ በዝግታ፣ በእግር ፍጥነት ስትሄዱ ነገሩ ይቀየራል፤ ያኔ መሪው እንደ ጋሪ ወደምትሄዱበት ነው የሚዞረው። ሞተር እየገፋችሁ ግቢ ስታስገቡ ታዩታላችሁ።)

ታዲያ ይህ ለተራራ ምን ያደርጋል? ሁሉን ነገር ያደርጋል! ኩርባ መሀል ገብታችሁ መንገዱ ካሰባችሁት በላይ ሲጠብባችሁ የሚመጣው ስሜት መሪውን አጥብቆ ይዞ መድረቅ ነው። የደረቀ ክንድ ደግሞ አይገፋም፤ ሞተሯ ቀጥ ትልና ወደ ገደሉ ትሄዳለች። አሁን ግን አውቃለሁ፦ በኩርባው ውስጠኛ በኩል ያለውን እጀታ ትንሽ ጨምሮ መግፋት፣ ዓይንን ደግሞ ከገደሉ ነቅሎ መንገዱ ወደሚወጣበት መላክ። ጉድጓድ ጉድጓዱን ያየ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ እጅ ዓይንን ነውና የሚከተለው።

ምን ያህል እንደምናጋድልም ልንገራችሁ፤ ይህን በሰዓት ቆጣሪ አስቡት። ከመሀሉ እስከ መንገዱ 25 ሜትር የሆነ ክብ ኩርባ ይዘናል እንበል፣ ከተራራ ጠባብ መታጠፊያዎች አንዱ። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ረጅሙ ቆጣሪ 12 ቁጥር ላይ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ ማጋደል ያለባችሁ ቆጣሪው አንድ ደቂቃ ብቻ ያለፈ ያህል ነው። በ40 አራት ደቂቃ ተኩል። በ60 ግን ስምንት ደቂቃ! አያችሁ እንዴት እንደሚዘል? ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ወደ ውጭ የሚወረውረን ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ስምንት ደቂቃ ያጋደለች ሞተር አቧራ በተነሰነሰበት መንገድ ላይ አትቆምም። የሚያስደንቀው ደግሞ ክብደት እዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም፤ ቀጭኑም ወፍራሙም እኩል ነው የሚያጋድለው።

በዚህ ደስታ በቆጂን አለፍኩ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ የወጡባት ከተማ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ልጆች በመንገዱ ዳር በጠዋት ሲሮጡ አየሁና እኔ ሞተር ላይ ተቀምጬ የማለከልክ መሰለኝ። ጎባ አደርኩ።

ሁለተኛው ትምህርት በማግስቱ ጠበቀኝ። ወደ ሳነቴ ስወጣ ሞተሬ ታመመች። መጀመሪያ ሰነፈች፣ ቀጥሎ ማሳል ጀመረች፣ ቀጥሎ በማርሚታዋ ጥቁር ጭስ። ጋዝ በጨመርኩላት ቁጥር ይብስባታል! ከሁለተኛ ማርሽ ወደ አንደኛ ወረድኩ። ከዚያ ጨርሳ ጠፋች። ዙሪያዬን ብርድ፣ ጅብራ እንደ ምሰሶ ቆሞ፣ ድምፅ የለም። አንድ ቀይ ቀበሮ ከሩቅ ፍልፈል እያደነ ነበር፤ ለእኔ ችግር ግድ አልነበረውም። (በዓለም ላይ ካሉት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በእነዚህ የባሌ ተራሮች ነው፤ እያየሁት ብርዱን ረሳሁት።) አዙሬ በቁልቁለት ወደ ጎባ ተመለስኩ።

ጎባ ያገኘኋቸው መካኒክ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ሳልጨርስ ሰሙኝና ካንዴላውን ፈትተው አሳዩኝ። እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል፣ ጥላሸት ነው።

«ልጄ፣ ቤንዚን አላነሳትም። ቤንዚን በዝቶባት ነው አየር ያጣችው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አየርማ ይኸው ሞልቷል!»

«ሞልቷል፤ ግን ፈንዲሻ ነው» አሉኝ።

ልጆች፣ ይህን ቃል በልቤ ይዤዋለሁ። አንድ ጣሳ ቆሎ ውሰዱ። ጣሳው ይከብዳል። ያንኑ ጣሳ በፈንዲሻ ሙሉት። ጣሳው ሞልቷል፣ ግን ቀሎ የለም እንዴ? ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን የሚጫነን አየር እያነሰ ስለሚሄድ አየሩ እንደ ፈንዲሻ ይላላል። የሞተሬ ሲሊንደር ጣሳ ነው፤ ባሕር ዳርቻም ይሁን ሳነቴ፣ ፒስተኑ በወረደ ቁጥር የሚጠጣው ያንኑ አንድ ጣሳ ነው። 4,000 ሜትር ላይ ግን በጣሳው ውስጥ ያለው አየር በባሕር ጠለል ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ጉልበቷ አንድ ሦስተኛውን ቢያጣ ምን ይገርማል!

እዚህ ላይ አንድ ነገር አሰላሁና ራሴን ያዝኩ። ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ለ1 ግራም ወደ 15 ግራም አየር ይፈልጋል። አንድ ሊትር ቤንዚን 740 ግራም ገደማ ነው፤ ስለዚህ 11 ኪሎ አየር! አየር ኪሎ አለው? አለው። በባሕር ጠለል 11 ኪሎ አየር 9,000 ሊትር ቦታ ይይዛል። 450 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አየር ለአንድ ሊትር ቤንዚን! ሳነቴ ላይ ደግሞ አየሩ ስለላላ ከ650 ጀሪካን በላይ ያስፈልጋል። እኛ ማደያ ገብተን የምንከፍለው ለትንሹ ነው፤ ትልቁን ምግብ ሞተሯ ከሰማይ በነፃ እየበላች ነው የምትሄደው።

ጭሱስ? ካርቡራተር የሚሠራው በትንፋሽ ነው። አንድ ስትሮ ውሃ ውስጥ አቁሙ፤ በሌላ ስትሮ ከአፉ በላይ በኃይል አግድም ንፉ። ውሃው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይረጫል! የሚሮጥ አየር ከሥሩ ያለውን ፈሳሽ ይስባል። በካርቡራተሩ ጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ አየሩ ይሮጣል፣ ከሥር ቤንዚኑን በትንሽ ቀዳዳ ይመጠዋል። ችግሩ አየሩ ሲላላ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም። ሽሮ ስትሠሩ ውሃውን በአንድ ሦስተኛ ቀንሳችሁ ዱቄቱን በጥቂቱ ብቻ ብትቀንሱት ምን ይሆናል? ይወፍራል። ሞተሬም ወፍራም ሽሮ ነበር የምትውጠው፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ጥቁር ጭስና ጥላሸት ሆነ። ጋዝ ስጨምርላት ደግሞ ዱቄት እየጨመርኩባት ኖሯል!

ጋሼ ምን አደረጉ? ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን በሚያልፍበት ቀዳዳ መሀል የምትገባ ቀጭን መርፌ አለች፤ አንገቷ ላይ ጥርሶች አሏት፣ ክሊፗን ከአንዱ ወደ ሌላው ማሻገር ይቻላል። መርፌዋን አንድ ጥርስ ዝቅ አደረጓት፣ ቀዳዳው ጠበበ፣ ቤንዚኑ ቀነሰ። ካንዴላውን ቦረሹት። ሚኒሞውን አስተካከሉ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ፦ ደሎ መና ስትደርስ መልሳት። ቆላ አየሩ ቆሎ ነው፤ ቤንዚን ካነሳት ኢንጂኑ ይግላል። አዲሶቹ ሞተሮች የአየሩን ግፊት የሚለካ መሣሪያ ስላላቸው ይህን ራሳቸው ያደርጉታል። እኔ ግን የእኔዋ አሮጌ ስለሆነች ደስ ብሎኛል፤ ራሷ ብታስተካክል ኖሮ አላውቀውም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወጣች! አንበሳ አልሆነችም፣ አንድ ሦስተኛ ጉልበት የጎደለው ነገር አንበሳ አይሆንም፤ ግን ሳትሳል፣ ሳታጨስ ወጣች። ሳነቴ ላይ ቆሜ፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን ፊት ለፊት እያየሁ አንድ ጠርሙስ ሃይላንድ ጨረስኩና ባዶውን ላስቲክ ክዳኑን አጥብቄ ከጓዜ ላይ አሰርኩት። ይህን ጠርሙስ ያዙልኝ።

ከዚያ ቁልቁለቱ። አምባው ሲያልቅ ከፊት ያለው መሬት ጠፍቶ በምትኩ ደመና ታገኛላችሁ፤ ከደመናው በታች የሐረና ጫካ አለ። መጀመሪያ አስታ፣ ቀጥሎ ኮሶና ቀርከሃ፣ ከታች ደግሞ የጫካ ቡና። መንገዱ እንደ ተጠመጠመ ገመድ ነው። የምማረውን ኩርባ ሁሉ እዚህ ተማርኩ ብል አልዋሸሁም፤ ቀኝ እጀታ፣ ግራ እጀታ፣ ቀኝ፣ ግራ።

ግን እዚህ ሌላ ጥያቄ አለ። ወደ ላይ ስወጣ ያፈሰስኩት ጉልበት ሁሉ ስወርድ ወዴት ይሄዳል? ሞተሯ 120 ኪሎ፣ እኔ 70፣ ጓዜ 30፣ በድምሩ 220 ኪሎ። ይህ ክብደት ከ4,000 ወደ 1,300 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 18 ሊትር ውሃ ሊያፈላ ይችላል! ጀሪካን ሊሞላ ሁለት ሊትር የቀረው ውሃ፣ እየተንተከተከ! ከፊሉን ነፋስና መንገዱ ይወስዱታል። የቀረውን ፍሬን ብቻውን ልሸከም ቢል የፍሬን ሸራው ይግላል፣ ይጨሳል፣ በመጨረሻም መያዝ ያቅተዋል። አይሱዙ ቁልቁለት ሲወርድ የሚሸተውን ታውቁታላችሁ አይደል? ያ ነው።

መፍትሔው ማርሽ ነው። ከአንድ ስሪንጅ መርፌውን አውጡና አፉን በጣታችሁ ደፍናችሁ መግፊያውን ሳቡት። እምቢ ይላል! ጋዝ ስትለቁ የሞተሯ የአየር በር ይዘጋል፤ ፒስተኑ ግን በጎማው ተገፍቶ መውረዱን አያቆምም፣ በተደፈነ አፍ አየር ልሳብ ይላል። ያ ትግል ነው ሞተሯን ወደ ኋላ የሚይዛት። ማርሹ ዝቅ ባለ ቁጥር ፒስተኑ በደቂቃ ብዙ ጊዜ ይስባል፣ ብዙ ይታገላል። ሙቀቱን ደግሞ የኢንጂኑ የብረት ክንፎች ለነፋስ ይሰጡታል፤ ሲሠሩም ለዚሁ ነው የተሠሩት። ነባር ሾፌሮች ቁልቁለቱን ሽቅብ ብትወጡት በምትይዙት ማርሽ ውረዱት የሚሉት ለካ ለዚህ ነው። ማርሽ አውጥቶ በፎሌ የሚወርድ ሰው ቤንዚን ቆጠብኩ ብሎ ይህን ሁሉ በነፃ የሚሠራለትን ፍሬን ጥሎት ይሄዳል። እባካችሁ፣ ከእናንተ ማንም እንዳያደርገው።

በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን ለመታጠፊያው ብቻ እያስቀመጥኩ ወረድኩ። ጫካው ሞቀ፣ ጃኬቴን አወለቅሁ፣ ኢንጂኑ ድምፁ እየወፈረ መጣ፤ ጣሳው እየሞላላት ነው። ደሎ መና ገብቼ መጀመሪያ ያደረግሁት መርፌዋን ወደ ቦታዋ መመለስ ነበር።

ሁለተኛው ጓዜን መፍታት። ያ የሳነቴ ጠርሙስ! ማንም አልረገጠውም፣ ምንም አልተጫነውም፣ ክዳኑ እንደታሰረ ነው። ግን ጎኖቹ ወደ ውስጥ ገብተው ተጨምድዷል፣ አንድ ትልቅ እጅ የጨመቀው ይመስላል። በውስጡ የያዝኩት ላላ ያለ የሳነቴ አየር ነው፤ ከውጭ ያለው የቆላው ወፍራም አየር ተጭኖ አድቅቆታል። ጋሼ በቃል የነገሩኝን ጠርሙሱ በዓይኔ አሳየኝ። አየሩ እንደሚላላ አውቅ ነበር፤ ያየሁት ግን ያን ጊዜ ነው።

አሁን ቤቴ መደርደሪያ ላይ አለ። ከመጣችሁ አሳያችኋለሁ፤ ክዳኑን ግን ማንም እንዳይከፍትብኝ፣ ሳነቴ አሁንም እዚያው ውስጥ ናት።